«የወና ፍሳሽ» ወይስ «የጎን አየር»? በአንድ የመኪና ጥገና ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ለዚህ ሒስ መነሻ የሆነው ለጀማሪ መካኒኮች ማሠልጠኛ እንዲሆን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ አነስተኛ የጥገና መምሪያ ነው። መምሪያው የሚናገረው ስለ አሮጌ የቤንዚን መኪኖች ሲሆን፣ በተለይ ሰፊ ቦታ የሰጠው መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲዞር ስለሚታየው መንቀጥቀጥና ስለ መንሥኤው ነው። የተርጓሚውንና የአሳታሚውን ስም መጥቀስ ለጉዳያችን አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ከዚህ በታች የሚነቀፉት ስሕተቶች የአንድ ሰው ብቻ አይደሉምና፤ የሙያ ቃላትን ከውጭ ቋንቋ በመመለስ ሥራ የተሠማራን ሁላችን በየጊዜው የምንወድቅባቸው ጉድጓዶች ናቸው።

በቅድሚያ ለመምሪያው የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ግልጽ ናቸው፤ ትእዛዞቹ መካኒክ በሚሠራበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፤ የሞተሩን አራት ምቶች «መሳብ፣ መጭመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት» ብሎ መሰየሙም ማንኛውም ተማሪ ሳይጨነቅ የሚረዳው ነው። ጉድለቱ የሚጀምረው ተርጓሚው ነገሩን ትቶ ቃሉን መከተል በጀመረበት ቦታ ነው። የሒሳችን ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የሙያ ቃል ሠራተኛው እጁን የት እንደሚያሳርፍ ሊነግረው ይገባል፤ እጁን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚልክ ቃል ግን ከመነሻው ቋንቋ ጋር ምንም ያህል ቢመሳሰል የተሳሳተ ቃል ነው።

ሀ. በጋራዥ የታየ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መምሪያውን ይዞ ወደ አንድ ጋራዥ ሄዶ ነበር። በዚያም ሚኒሞው አልረጋ ያለ አንድ አሮጌ ላዳ ቆሟል። አንድ ተለማማጅ ወጣት መምሪያውን ተቀብሎ፣ «ሻካራ የሥራ ፈት ዙር ሲያጋጥም የወና ፍሳሽ መኖሩን መርምር» የሚለውን ትእዛዝ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ካነበበም በኋላ ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ ሥር ያለውን ወለል ማየት ጀመረ፤ የሚንጠባጠብ ነገር ይፈልግ ነበር። ወለሉን ደረቅ ሆኖ ቢያገኘው ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ምንም የሚፈስ ነገር የለም» አለ። ሽማግሌው መካኒክም መምሪያውን ሳይመለከቱ፣ «ልጄ፣ ይፈሳል ብሎ ማን ነገረህ? ሞተሩ በጎን አየር እየሳበ ነው። ዝም ብለህ ስማው፤ ያፏጫል» አሉት። ወጣቱ ጆሮውን አቀረበ፤ ከካርቡራቶሩ ግርጌ የሚመጣውን ቀጭን ፉጨት ሰማ፤ ጥፋቱም ተገኘ።

ልብ ሊባል የሚገባው ወጣቱ አለመሳሳቱ ነው። በአማርኛ «ፍሳሽ» የተባለን ነገር መሬት ላይ መፈለግ ትክክል ነው። ወጣቱ ለቃሉ ታዘዘ፤ የተሳሳተው ቃሉ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ አዲስ ቃል ልፍጠር ብለው አልተቀመጡም፤ ነገሩ ሲሠራ ያዩትን ተናገሩ። በዚህች አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን በመምሪያው ሁለት ገጽ ያልተገኘ ትምህርት ነበረ።

ለ. ነገሩ ምንድን ነው?

ቃሉን ከመመዘን በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። የቤንዚን ሞተር ፒስቶን ወደ ታች ሲወርድ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ያነሰ ይሆናል። የውጭው አየርም ጉድለቱን ለመሙላት በካርቡራቶሩ በኩል ይገባል፤ ሲገባም ቤንዚን ይዞ ይሄዳል። ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሣ ጊዜ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው መዝጊያ ሊዘጋ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሞተሩ በጠባብ ቀዳዳ ለመተንፈስ ስለሚገደድ ከመዝጊያው በታች ያለው ግፊት እጅግ ዝቅ ይላል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩ፣ እንደ መኪናው ዓይነት፣ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ጊዜ ያህል ይዞራል።

እንግዲህ ከዚህ መዝጊያ በታች የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የተበላ ጓርኒሲዮን፣ የላላ ብሎን ወይም በአገልግሎት ብዛት የሰፋ የመዝጊያ ዘንግ ማቀፊያ ቢኖር፣ የውጭው አየር በዚያም ይገባል። ይህ አየር በትክክለኛው መንገድ አላለፈምና ቤንዚን አልያዘም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ባልታሰበ ቦታ የገባው አየር ይህን ልክ ያፋልሰዋል። ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ አንዳንዱ ሲሊንደር ሳይቀጣጠል ያልፋል፤ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ግን መዝጊያው ይከፈታል፤ በዋናው መንገድ የሚገባው አየር ይበዛል፤ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የግፊት ልዩነትም ይቀንሳል። በመሆኑም በስንጥቁ የሚገባው አየር ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ይሆንና መንቀጥቀጡ ይጠፋል። ቆሞ የሚታመም፣ ሲሄድ የሚድን ሞተር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በዚህ ነው።

ምርመራውም ከዚሁ የሚከተል ነው። በቅድሚያ ቱቦዎቹ በዓይን ይታያሉ፤ በእጅም ይታጠፋሉ፤ የደረቀ ጎማ ሲታጠፍ ስንጥቁን ያሳያል። ቀጥሎ ከማኒፎልዱ የሚነሡት ቱቦዎች ሞተሩ እየሠራ አንድ በአንድ በፒንሳ ይያዛሉ፤ አንዱ ሲያዝ ሚኒሞው ቢስተካከል ጥፋቱ በዚያ መሥመር ላይ ነው። ለጓርኒሲዮኑ ዳርቻ ደግሞ ጥቂት የሳሙና ውሃ ይንጠባጠባል፤ ውሃው ቀዳዳውን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ከእነዚህ ሁሉ ምርመራዎች ውስጥ ከሞተሩ የሚወጣ ነገር የሚፈለግበት አንድም የለም። ሁሉም የሚፈልጉት ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነው።

ሐ. «ፍሳሽ»፣ የአቅጣጫ ስሕተት

አማርኛ ስለ መውጣትና ስለ መግባት ሲናገር ጠንቃቃ ቋንቋ ነው። ጣራ ያፈሳል፤ እንስራ ያንጠባጥባል፤ ጎማ ይተነፍሳል፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ ግን ነፋስ ያስገባል እንጂ ነፋስ ያፈሳል አይባልም። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ስለሚጠቀልላቸው፣ ያንን አንድ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ለመመለስ የተነሣ ተርጓሚ ቋንቋው ያዘጋጀለትን ሀብት ሳያይ ያልፋል። ስለሆነም «የወና ፍሳሽ» ሁለት ጊዜ ይስታል፦ በመጀመሪያ ባዶ ነገር ሊፈስ አይችልም፤ በሁለተኛም የሚንቀሳቀሰው አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም።

ይህ አሰያየም የእንግሊዝኛ ልማድ እንጂ የነገሩ ባሕርይ አለመሆኑን ሌሎች ቋንቋዎች ይመሰክራሉ። ፈረንሳዮች ይህን ጥፋት «ፕሪዝ ዴር» ይሉታል፤ ቃል በቃል «የአየር አወሳሰድ» እንደ ማለት ነው። ሩሲያውያን «ፖድሶስ ቮዝዱኻ» ሲሉ አየር መሳቡን ይናገራሉ። ጀርመኖች አንድ ጊዜ «ፋልሽሉፍት»፣ ይኸውም «ሐሰተኛ አየር»፣ ሌላ ጊዜም «ኔበንሉፍት»፣ ይኸውም «የጎን አየር» ይሉታል። ሦስቱም ቋንቋዎች ስሙን የሰጡት ለሚገባው አየር ነው። ሽማግሌው መካኒክ ጀርመንኛ ሳይሰሙ «በጎን አየር እየሳበ ነው» ማለታቸው፣ ነገሩን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሰዎች በተለያየ አገር ቢቀመጡም ወደ አንድ ቃል ሊደርሱ እንደሚችሉ ያስረዳል።

«በጎን» የሚለው ቃል በአማርኛ የያዘው ተጨማሪ ፍች ደግሞ ለዚህ ነገር እጅግ የሚስማማ ነው። በጎን የሚሠራ ሥራ፣ በጎን የሚገባ ገንዘብ ስንል፣ በዋናው መዝገብ ያልገባ፣ ባለቤቱ ያልቆጠረው ማለታችን ነው። በስንጥቅ የሚገባውም አየር እንዲሁ ካርቡራቶሩ ያልቆጠረው አየር ነው። እንዲያውም ቃሉ ካርቡራቶር በሌላቸው መኪኖች ላይ የበለጠ ይሠምርለታል። ነዳጅ በሚረጩት ዘመናዊ ሞተሮች ብዙዎቹ የሚገባውን አየር በመለኪያ እየመዘኑ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይሰጣሉ፤ ከመለኪያው በኋላ በስንጥቅ የገባ አየር ሳይመዘን ስለሚያልፍ ያው የታወቀው መንቀጥቀጥ ይመጣል። «የጎን አየር» ለአሮጌውም ለአዲሱም ያገለግላል ማለት ነው።

መ. «ወና»፣ ባዶነት ወይስ የግፊት ልዩነት?

«ወና» ጥሩ የአማርኛ ቃል ነው። ሰው የለቀቀውን ቤት ወና ሆነ እንላለን። ለፊዚክስም ትምህርት ቢውል የሚያስነቅፍ አይሆንም። በፔርሙስ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለው፣ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ቦታ፣ ወይም ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ከሜርኩሪው በላይ ያሳየው ቦታ ወና ሊባል ይችላል። የመነሻው የላቲን ቃልም «ባዶ» ማለት ነው።

የሞተሩ ማኒፎልድ ግን ወና አይደለም። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር በውስጡ ያለው ግፊት፣ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ሲሦ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ነው። አየርም ቤንዚንም አለበት፤ ያነሰው ግፊቱ ነው። በዚህ ቦታ የእንግሊዝኛው ቃል የሚናገረው በውጭና በውስጥ መካከል ስላለው የግፊት ልዩነት ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ ነገሮች አንድ ቃል ቢጠቀም ያ የእርሱ ዕዳ ነው፤ እኛ የምንወርስበት ምክንያት የለም።

ይህ ልዩነት ለፊደል ሰው ብቻ የሚታይ ረቂቅ ነገር አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያሳያል። መምሪያው «በጤነኛ ሞተር ላይ የወና መለኪያው ከ17 እስከ 21 ኢንች ያነብባል» ይላል። ቁጥሩ ለባሕር ወለል ትክክል ነው፤ በሜርኩሪ ከ430 እስከ 530 ሚሊሜትር ያህል መሆኑ ነው። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 760 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ግን ወደ 570 ሚሊሜትር ይወርዳል። የውጭው ግፊት ሲያንስ ልዩነቱም ያንሳል። በመሆኑም በባሕር ወለል 18 ኢንች የሚያነብበው ሞተር፣ ምንም ሳይታመም፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ 11 ኢንች ይወርዳል፤ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በድሬዳዋ ደግሞ 14 ያህል ያነብባል። መምሪያውን የሚያምን የአዲስ አበባ ተማሪ 11 ሲያነብብ ሞተሩ ታሟል ብሎ ይፈርዳል፤ ጤነኛውን ካርቡራቶር ይፈታል፤ ቴስታታውን እስከ ማውረድም ሊደርስ ይችላል። የባለቤቱ ገንዘብ ይባክናል፤ የተማሪው በራስ መተማመንም እንዲሁ።

ጥፋቱ የቁጥር ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከቃሉ ነው። ባዶነት በየትም አገር ባዶነት ነው፤ «ወና» የሚለውን ቃል የሰማ ተማሪ፣ ስለ ከፍታ እንዲጠይቅ የሚገፋፋው ነገር የለም። «የግፊት ልዩነት» ወይም «የመሳብ ኀይል» ቢባል ግን ወዲያው «ልዩነቱ ከምን ጋር ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱም ወደ ውጭው አየር ይመራዋል። ጥሩ የሙያ ቃል ተማሪውን ትክክለኛውን ጥያቄ እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

«ስበት» የሚለውን አጭር ስም ለዚህ ማዋል የሚመኙ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ቃሉ ለመሬት ስበት ውሎ በትምህርት ቤት ከሠረፀ ቆይቷል፤ ከቦታው ማንቀሳቀስ አዲስ ውዥንብር መፍጠር ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ቢረዝምም «የመሳብ ኀይል» ይመረጣል።

ሠ. «ሥራ ፈት ዙር» እና ሚኒሞ

መምሪያው ሚኒሞ የሚለውን ቃል በአንድም ቦታ አልተጠቀመበትም። በምትኩ «የሥራ ፈት ዙር» ይላል። የመካኒክ ቋንቋ ከጣሊያንኛ የተቀበላቸው ቃላት ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው፦ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ። ሚኒሞም ከእነዚሁ አንዱ ነው፤ በጣሊያንኛ «ዝቅተኛው» ማለት ሲሆን፣ በጋራዦቻችን እግር ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር ይሰይማል። ላዳ ራሱ በፊያት 124 መሠረት ተሠርቶ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ማምረቱ የተጀመረ መኪና እንደ መሆኑ፣ የጣሊያንኛው ቃል በዚህ መኪና ላይ እንግዳ ነው ለማለትም ያስቸግራል።

«ሥራ ፈት» የተባለው ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተወሰደ ነው። ለዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ምስል መርጧል። ፈረንሳዩ «ራላንቲ»፣ ይኸውም «የዘገየ» ይላል፤ ጀርመኑ «ሌርላውፍ»፣ «ባዶ ሩጫ»፤ የሩሲያው «ሖሎስቶይ ሖድ» ደግሞ ቃል በቃል ቢመለስ «የወንደላጤ ጉዞ» ሊሆን ይችላል። ወንደላጤውን ወደ አማርኛ ለማምጣት ያሰበ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ የእንግሊዙን ሥራ ፈትም ለማምጣት ግዴታ አልነበረብንም። የባሰው ደግሞ ምስሉ ከነገሩ ጋር አለመስማማቱ ነው። በሚኒሞ የሚዞር ሞተር ሥራ አልፈታም። የራሱን ሰበቃ ያሸንፋል፤ የውሃና የዘይት ፓምፕ ያዞራል፤ ባትሪ ይሞላል፤ ለፍሬን ማገዣውም የመሳብ ኀይል ይሰጣል። ሥራ የፈታ ሞተር በአማርኛ የጠፋ ሞተር ነው። በመምሪያው «ሞተሩ ሥራ ፈት ሳለ ቱቦውን ንቀል» የሚል ትእዛዝ አለ። ተማሪው ሞተሩን አጥፍቶ ቱቦውን ቢነቅል ማን ይወቅሰዋል?

ሚኒሞን በመዝገበ ቃላት ዋና ቃል አድርጎ ማስገባት የቋንቋን ክብር ይነካል የሚሉ ወገኖች መኖራቸው አይካድም። ቃሉ የመጣበትን ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን ወረራ በማስታወስ የሚቃወሙም አሉ። ይህ ስሜት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቃሉን ለሦስት ትውልድ ያቆየው ወራሪው ሳይሆን እጁ ዘይት የነካ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ነው፤ «ሚኒሞው ወረደ፣ ሚኒሞ ስጠው፣ ሚኒሞው አልረጋም» እያለ በአማርኛ ሰዋስው ያረባው እርሱ ነው። ማርሽንና ፍሬንን ተቀብለን ሚኒሞን የምናባርርበት መመዘኛ ምንድን ነው? የአገርኛ ቃል የግድ ያስፈልጋል ከተባለም «ዝቅተኛ ዙር» ከ«ሥራ ፈት ዙር» በብዙ ይሻላል፤ ቢያንስ አይዋሽም።

ረ. «ሻካራ»፣ ብዙውን በአንድ ማፈን

ሻካራ የሚባለው በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው፤ ጨርቅ፣ ድንጋይ፣ የሠራተኛ መዳፍ። ድምፅም ሻካራ ሊሆን ይችላል። ዙር ግን አይሻክርም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አማርኛ ለየብቻ የሚጠራቸውን ምልክቶች በአንድ ማፈኑ ነው። መካኒኮቻችን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘላል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያስላል፣ ይጠፋል ይላሉ። እነዚህ አንድ ነገር አይደሉም። በእኩል ርቀት የሚዘል ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሲሊንደር ጋር የተያያዘ ጥፋት አለበት፤ ካንዴላው ወይም ቫልቩ ይመረመራል። ከፍ ዝቅ የሚል ሞተር የድብልቁ ልክ እየተለዋወጠበት ነው፤ የጎን አየር ወይም የተደፈነ የሚኒሞ ቀዳዳ ይጠረጠራል። እግር ሲነሣ የሚጠፋ ሞተር ደግሞ ምናልባት የሚኒሞ ብሎኑ ብቻ ዝቅ ብሎበት ይሆናል። «ሻካራ» የሚለው ቃል እነዚህን በሮች ሁሉ ዘግቶ ተማሪውን በአንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይተወዋል። ትርጉም አንዳንድ ጊዜ ከመነሻው ጽሑፍ የበለጠ የጠራ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ባለ ቦታ ነበር፤ ዕድሉ አልፏል።

ከዚሁ ጋር የሚሄዱት «ሀብታም ድብልቅ» እና «ከሲታ ድብልቅ» የተባሉት ናቸው። «ቤንዚን የበዛበት» እና «ቤንዚን ያነሰው» እያለ ማንም በሚናገርበት አገር፣ ሀብታምና ከሲታ ለምን እንዳስፈለጉ ለመረዳት ያዳግታል።

ሰ. አደጋ ያለባቸው ሁለት ቦታዎች

እስካሁን የተነቀፉት ገንዘብና ጊዜ የሚያስከፍሉ ናቸው። የሚከተሉት ሁለቱ ግን ሕይወት ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው «የወና አገልጋይ» የተባለው ነው። ተርጓሚው የፈለገው የፍሬን ማገዣውን ነበር፤ ይኸውም ነጂው ፍሬን ሲረግጥ በሞተሩ የመሳብ ኀይል ጉልበቱን የሚያግዝለትን መሣሪያ ነው። ወደዚህ መሣሪያ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ከተሰነጠቀ ሚኒሞው ይታወካል፤ ከዚሁ ጋር ፍሬኑ ይጠነክራል፤ ነጂው መኪናውን ለማቆም ከወትሮው የበለጠ ኀይል ያስፈልገዋል። በሚኒሞ መታወክ የጀመረ ምርመራ ወደ ፍሬን ሊያደርስ እንደሚችል ተማሪው ሊያውቅ ይገባል። «የወና አገልጋይ» ግን ከፍሬን ጋር ያለውን ዝምድና ሁሉ ሰርዞታል። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ፍሬን የሚለውን ቃል ሳያገኝ ይወጣል።

ሁለተኛው የካርቡራቶር ማጠቢያ ፈሳሽን የሚመለከት ነው። በእንግሊዝኛ «ኢንፍላመብል» የተባለውን ቃል ተርጓሚው «የማይቀጣጠል» ብሎታል። መነሻ ፊደላቱን እንደ አፍራሽ ቅጥያ መቁጠሩ ነው። ቃሉ ግን ከላቲን «ማቀጣጠል» ከሚል ግሥ የመጣ ሲሆን ፍቹ «በቀላሉ የሚቀጣጠል» ነው። የጋለ ሞተር ላይ፣ የካንዴላ ሽቦ ብልጭ በሚልበት አጠገብ፣ ይህን ፈሳሽ «አይቀጣጠልም» ብሎ የሚረጭ ተማሪ ምን ሊያገኘው እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም። ይህን ዐረፍተ ነገር ከመታተሙ በፊት ማንኛውም የጋራዥ ሠራተኛ ቢያነብበው ኖሮ በሳቅ ወይም በድንጋጤ ባረመው ነበር። ዋናው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ለምን ማንም አላነበበውም?

ሸ. የሚቀርብ ተቃውሞና መልሱ

አንዳንድ አንባብያን፣ «ሳይንስ አንድ ነው፤ በፊዚክስ ክፍል ወና የተባለው በጋራዥ ሌላ ስም ከያዘ ተማሪው ሁለቱን እንዴት ያገናኛል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ የቃላት አንድነት በሙያ መዝገበ ቃላት ሥራ ከፍተኛ ዋጋ አለውና። ይሁን እንጂ አንድነት የሚገባው ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ነው። ፍጹም ባዶ ቦታና ከውጭው ያነሰ ግፊት ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው፤ ለሁለት ነገር አንድ ስም መስጠት አንድነት ሳይሆን መደበላለቅ ነው። የፊዚክስ መምህሩ «የግፊት ልዩነት» ሲል፣ መካኒኩ «የመሳብ ኀይል» ሲል፣ ተማሪው ሁለቱን ለማገናኘት ከሚቸገር ይልቅ «ወና እንዴት ይፈሳል?» የሚለውን እንቆቅልሽ ለመፍታት የበለጠ ይቸገራል።

ሌላው ተቃውሞ የካርቡራቶር መኪና ዘመኑ አልፏልና ቃላቱን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው የሚል ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። አዲስ የማይገባ ከሆነ ደግሞ ያለው እየተጠገነ ይቆያል፤ በመሆኑም የአሮጌ ሞተር ጥገና ለጊዜው የሚቀንስ ሥራ አይደለም። መምሪያውም የታተመው የሚያነብበው ተማሪ ስላለ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ቃላት ለውይይት ቀርበዋል። 1ኛ/ ለጥፋቱ «የጎን አየር»፤ በግሥ «በጎን አየር መሳብ»። 2ኛ/ ለማኒፎልዱ የግፊት ሁኔታ «የመሳብ ኀይል»፤ ለመሣሪያውም «የመሳብ ኀይል መለኪያ»፤ ቁጥር በተጠቀሰ ቁጥር ከፍታው አብሮ ይጠቀስ። «ወና» ለፊዚክሱ ባዶ ቦታ ይቆይ። 3ኛ/ ለዝቅተኛው ዙር «ሚኒሞ»፣ በፍችው «ዝቅተኛ ዙር»። 4ኛ/ «ሻካራ» ተሰርዞ እንደ ምልክቱ «የሚንቀጠቀጥ፣ የሚዘል፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ የሚጠፋ»። 5ኛ/ «ቤንዚን የበዛበት» እና «ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ»። 6ኛ/ «የፍሬን ማገዣ»። ከእነዚህ የተሻለ የሚያውቅ አንባቢ ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን።

ከዝርዝሩ የሚበልጠው ግን የአሠራሩ ነገር ነው። አንድ የሙያ ቃል በጠረጴዛ ዙሪያ ከተስማሙበት በኋላ አንድ ፈተና ይቀረዋል፤ ፈተናውም ወጪ የለውም። ቃሉን ሥራውን ለማያውቅ ተለማማጅ፣ ሞተሩ እየሠራ ባለበት፣ አንብቡለትና እጁ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ወደ ቱቦው ከሄደ ቃሉ ይጻፍ። ወደ ወለሉ ካጎነበሰ ግን ቃሉ እንደገና ይታሰብበት።